አያ ፈንቴና የተተካው ዘንግ

ደጉ የአርብ ገበያ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። ያን ቀን ጠዋት ግን «እንዴት አደርህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ነው» እያለ ሲያራዝመው ክፉ ወሬ እንደያዘ ገባኝ።

«ንገረኝ» አልሁት።

«አያ ፈንቴ አረፉ።»

«በመኪና ነው?»

«አይደለም። አልጋቸው ላይ ነው። ከረመባቸው እኮ ሕመሙ፤ አልሰማህም?»

አልሰማሁም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤታቸው ወንድም ደወልሁ። አንድ ሰው የነገረኝን ሌላ ሰው ሳይደግመው አላምንም፤ ሥራዬ ያስያዘኝ ልማድ ነው። እሱም ያንኑ ደገመልኝ። በሕመም፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸው። ወሬው እውነት ነበር፤ ግን አልጋ ላይ የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አያ ፈንቴን ባወቅሁባቸው ዓመታት ተኝተው ቀርቶ ተቀምጠው ያየኋቸው መሪ ጨብጠው ብቻ ነው።

ከአርብ ገበያ ወገዳ የምትመላለስ አንዲት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበረቻቸው። እኔ ለዘገባ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስዞር ብዙ ጊዜ የምሄደው በእሷ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻቸው ጣል አድርገው መኪናዋን ይዞሯታል። ጎማ በተረከዛቸው መታ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ፣ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ቁርሳቸውን በእጃቸው ይዘው እየዞሩ ነው የሚበሉት። ሻይ ከታዘዘላቸው ብርጭቆው መኪናዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል።

«አያ ፈንቴ፣ ኧረ አረፍ ይበሉ፤ እርስዎን ሳይ እኔ ደከመኝ» ይላቸዋል ደጉ።

«አንተማ ስትወለድም ደክሞህ ነበር» ይሉታል ሳይቆሙ።

በልጅነታቸው ድጓ ሊማሩ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገብተው ነበር። ለምን እንደወጡ ስጠይቃቸው «ዜማው አልከበደኝም፤ መቀመጡ ነው የከበደኝ» አሉኝ። መምህራቸው፣ የኔታ፣ ሲያሰናብቷቸው «አንተን እግዜር ለመንገድ ነው የፈጠረህ፤ ሂድ፣ ግን ስትሄድ የተሳፈረብህን ነፍስ አስብ» ብለዋቸው ነበር አሉ። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። «የቆመ መኪናና የቆየ ቂም ዝገቱ አይለቅም» የምትል አነጋገርም ነበረቻቸው። በዚህች አነጋገር ብዙ ሰው አስታርቀዋል፤ ራሳቸውን ግን የጎዱባት ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው በገበያ ቀን ነው። ሰዉ ከየቀበሌው በእግርና በአህያ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ገብስ የተጫነች አንዲት አህያ ድንገት መንገድ አቋረጠች። አያ ፈንቴ መሪውን ሲያጥፉት የፊት ጎማው የቦዩን ሲሚንቶ መታው። ሰው አልተጎዳም። አህያዋም አልተጎዳችም፤ ባለቤቷ ግን «አህያዬን አስደነገጧት» ብሎ ሲከራከር እንደዋለ ደጉ ነግሮኛል። የተጎዳው መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው የብረት ዘንግ ነበር። እንደ ቀስት ጎበጠ።

መኪናዋ ኢንሹራንስ ነበራት። ደብረ ታቦር ያለው የድርጅቱ ቅርንጫፍ ሰው ልኮ አየ፤ ጥገናውን ተቀበለ፤ መኪናዋን ጋራዥ አስገባ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለም። ሥራው አልቆ መኪናዎን ይውሰዱ ሲባሉ አያ ፈንቴ ከሥሯ ገቡ፣ ወጡና «አልወስድም» አሉ። የተገጠመው ዘንግ የመኪናዋ አምራች የሠራው አልነበረም። ሌላ ፋብሪካ በልኩ ያወጣው ነው።

ደጉ ሲነግረኝ ዜና ሸተተኝና ደብረ ታቦር ሄድሁ። የሁለቱንም ወገን ጠየቅሁ። የድርጅቱ መልስ ግልጽ ነበር፤ ውሉ ተመጣጣኝ መለዋወጫ ይፈቅዳል፣ ኦሪጅናሉ በአገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፣ የተገጠመው አዲስ ነው እንጂ ያገለገለ አይደለም። ውሉን አሳዩኝ፤ እንዳሉት ነበር።

አያ ፈንቴን «የዘንጉ ጉድለት ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«አላውቅም።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም። ሆዴ አልረጋም።»

«ሆድ ማስረጃ አይሆንም፣ አያ ፈንቴ።»

«ላንተ ጋዜጣ አይሁን። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሌላ የሚጠየቅ የለም።»

ቁልቁለቱን ለማያውቅ ልንገር። ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ ሲኬድ ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ ከገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። ጠጠር ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃ ነው። በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ አለት፣ በሌላው በኩል አየር። ሹፌሩ መሪውን አዙሮ ጎማው ካልታዘዘ፣ የሚቀጥለው ነገር አይጻፍም። አያ ፈንቴ በየቀኑ የሚወርዱት ያንን ነው፤ ከኋላቸው የመንደሩን እናትና ተማሪ ጭነው።

ጉዳዩን የያዘችው የድርጅቱ የጉዳት ገማች ሕይወት የምትባል ወጣት ኢንጂነር ነበረች። አያ ፈንቴ በመጀመሪያ አልወደዷትም፤ እኔ ወደድኋት። ካርቶን አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር ተኝታ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ ዳሰሰች። ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና «አባቴ፣ እኔ ጉድለት አላየሁበትም» አለች። «ግን ቅሬታ የማቅረብ መብት አለዎት። እኔው ራሴ አዘጋጅልዎታለሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኦሪጅናሉን ሊፈቅድ ይችላል።»

«መቼ?»

«ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ መኪናዋ እዚሁ ትቆያለች።»

«ወራት!»

አያ ፈንቴ ከቢሮው ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ግቢውን ይዞራሉ። ገቡ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ተመልሰው ወጡ። ሕይወት «ምን ሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እያሰቡ ነው» አልኋት። በመጨረሻ ገብተው ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሙ።

«የገበሬ ልጅ ነሽ?»

«አያቴ ገበሬ ናቸው።»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። በእኛ ቀበሌ የሰው በሬ የገደለ በሬ ይተካል። የተተካውን በሬ ግን ባለቤቱ ዝም ብሎ አይረከብም። ከቀረው በሬ ጋር ይጠመዳል። ሽማግሌ ከማሳው ዳር ቆሞ ያያል። አብሮ ካረሰ ካሳው አለቀ፤ ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ አልወደድሁትም ማለት አይችልም። ካላረሰ ይመለሳል።»

«እና?»

«ዘንግሽ ይጠመድ። ቁልቁለቱን አንቺም ተቀምጠሽ፣ ሽማግሌም ተቀምጦ እንውረደው።»

ሕይወት ሳቀች፤ ከዚያ እንዳልቀለዱ ገባት።

«አባቴ፣ እመጣለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ይህ ሙከራ ለእኔም ለእርስዎም ምንም አያረጋግጥም። ብረቱ መጥፎ ቢሆን እንኳ ዛሬ አይሰበርም። ብረት የሚሰበረው ሲደክም ነው። በሬ አይደለም።»

«በሬም ሲደክም ነው የሚታወቀው።»

«ታዲያ ለምን በአንድ ቀን ይፈርዱበታል?»

አያ ፈንቴ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «እስከ መቼ ልቁም?» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለበሩ። ያኔ አንድ ነገር ማለት ይቻል ነበር፤ ወራቱን ይጠብቁ፣ የሚያቅበጠብጥዎ ነገር እየፈረደብዎ ነው ማለት ይቻል ነበር። ዘጋቢ መሐል አይገባም። ደብተሬ ላይ ቀጠሮውን ጻፍሁ።

በቀጠሮው ቀን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ተገናኘን። የኔታ ከቤተ ልሔም በበቅሎ መጡ፤ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን የድጓ መምህር ድምፅ ነው። ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ሁሉም ባዶዋ መኪና ውስጥ ገብተው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተቀመጡ። ሕይወት ከሹፌሩ ጎን ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ።

«ፈንቴ፣ ቃልህን ስጥ» አሉ የኔታ።

«አብሮ ከሄደ በሬው የእኔ ነው። አልመልሰውም፤ ክፉም አልናገረውም።»

ሕይወት ዞር ብላ «የኔታ፣ እኔ መሥሪያ ቤቴን ወክዬ እንዲህ ያለ ቃል መስጠት አልችልም» አለች።

«አንቺ ምን ቃል ያስፈልግሻል? አንገትሽን ይዘሽ መጥተሻል» አሏት የኔታ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን የመቀመጫውን ጠርዝ ስትይዝ አየሁ።

ወረድን። አያ ፈንቴ ሊያልፉት የሚችሉትን ድንጋይ ሁሉ ሆን ብለው ረገጡት። መሪውን ከሚያስፈልገው በላይ አዞሩት፤ እስከ ጥጉ ወስደው መለሱት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተስፈነጠረ ወደ ገደሉ ሲሄድ ይሰማል፤ ሲያርፍ አይሰማም። የኔታ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ።

«የኔታ፣ ቀስ ብለው ይጸልዩ። ዘንጉን ልስማው» አሉ አያ ፈንቴ።

«እመቤታችንን ዝም ልበልልህ?»

«እስከ ወንዙ ብቻ።»

ወንዙ ደረስን። ዞረን ዳገቱን ወጣን። ምንም አልሆነም። ዘንጉ አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ጎማው አንድ ጊዜም መሪውን እምቢ አላለም። የኔታ ሲወርዱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ተጠምዶ ታየ። አብሮ ሄደ። ፈንቴ፣ ካሳህን ተቀበል» አሉ።

አያ ፈንቴ ሞተሩን ካጠፉ በኋላም መሪውን አልለቀቁም ነበር። እንደያዙት «ተቀበልሁ» አሉ። ወርደው ሕይወትን በሁለት እጃቸው ጨበጧት። ከዚያ መኪናዋን መዞር ጀመሩ። የረካ ሰው ያቆማል ብዬ ነበር፤ አላቆሙም።

ሕይወት አብራቸው እየዞረች ታናግራቸው ነበር። «አባቴ፣ ሽምግልናው በውሉ ላይ ያለውን መብትዎን አይነካም። ሆድዎ ካልረጋ ቅሬታውን አሁንም ልጻፍልዎ።»

«ሽማግሌ ቆሞ ያየውን በሬ አልመልስም።»

«በሬ አይደለም እኮ ነው የምልዎት!» አለች። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አያ ፈንቴ ቆሙ። «እሱ የገባኝ ከተጠመደ በኋላ ነው፣ ልጄ» አሏት።

ዜናው አጭር ሆኖ ወጣ። በባለንብረቱና በኢንሹራንስ ድርጅቱ መካከል የነበረው አለመግባባት በአገር ሽማግሌዎች ፊት በስምምነት ተፈታ ይላል። አንድም ስሕተት የለበትም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን አልያዘም።

ከዚያ በኋላ በመኪናዋ ስሄድ አያ ፈንቴ ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቆሟት። ሞተሩን ሳያጠፉ ወደ ተሳፋሪው ዞሩና «ወገኖቼ፣ ከዚህ በእግር ነው። በአቋራጩ ውረዱ፤ ወንዙ ጋ እንገናኛለን» አሉ።

«አያ ፈንቴ፣ መኪናዋ ታማ ነው ወይስ እርስዎ?»

«የተሳፈርነው ለእግራችን ነው እንዴ?»

«እኔ ዕቃዬን ትቼ አልሄድም!» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

«ዕቃሽ ይቀመጥ። ዕቃ ይተካል» አሏት።

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። አያ ፈንቴ ባዶዋን መኪና ብቻቸውን ይዘው ወረዱ፤ እኛ በአቋራጩ አቧራ እየቃምን ስንደርስ ወንዙ ዳር መኪናዋን ሲዞሩ አገኘናቸው። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። መሄድ የማይችል ሰው ሲመጣ ገና መናኸሪያ እያለ ወደ ሌላ መኪና ይልኩት ጀመር። ለጥቂት ጊዜ ተሳፋሪ ራቃቸው። ሌሎች ሹፌሮች «ወደ ፈንቴ ሂድ፤ ጫማህን ግን አጥብቅ» እያሉ ቀለዱባቸው። ቀስ በቀስ ግን ሰዉ ተመለሰ፤ በተለይ ልጅ የሚልኩ እናቶች።

የጠየቅኋቸውን እንዳለ ላስፍረው። ወንዙ ዳር ነበርን።

«ሆድዎ ካልረጋ ኦሪጅናሉን ፈልገው አይቀይሩትም? ሰው የሚጫንበት መኪና ነው። ለቃልዎ ብለው ሰው አደጋ ላይ ይጥላሉ?»

«ለዚህ ነው የማወርዳቸው።»

«እርስዎስ?»

«ያልቸኮለው ሁሉ ወርዶ ይሄዳል። ካሳውን ለመቀበል የቸኮለው ሰው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ» አሉኝ።

አልተስማማሁም፤ ነገርኋቸውም። ዘንጉ ደህና ከሆነ ሰዉን ማስወረድ ከንቱ ድካም ነው፤ ደህና ካልሆነ ቃል ብረት አያጠነክርም። ሁለቱንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ። ጻፈው» አሉና ጎማ ሊያዩ ሄዱ።

ባለቤታቸው እማ ጥሩ እንደምትለው ሌሊትም አያርፉም ነበር። «ተኝቶ እንኳ መሪ ያዞራል» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ብርድ ልብሱን ወደሱ ይጠመዝዘዋል፣ እኔ በብርድ አልቃለሁ። አንተ የተማርህ ነህ፤ ያቺን ብረት አውጥተህ ጣልልኝ።» ሳቅን። እሷ ቀድማ ሳቋን አቆመች።

ሕይወትም አንዳንዴ ትደውልልኝ ነበር።

«ዘንጉ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው ደህና አይደሉም።»

«ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለችኝ አንድ ጊዜ። እምቢ ብትል የፈራች ይመስላት እንደነበር፣ አባቷም በዓይኑ ካላየ የማይተኛ ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። የመከረቻቸው ምክር ትክክል ነበር። የመረመረችው ዘንግም ትክክል ነበር።

ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ አንባቢ ሌላ ነገር ሊጠብቅ ይችላል። ዘንጉ አልተሰበረም። አያ ፈንቴ እስከታመሙበት ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አላስቸገራቸውም። ትክክል ነበሩ ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባቸው መኪናዋን አለልኝ ለሚባል ወጣት ሹፌር ሸጧት። አለልኝ ከመግዛቱ በፊት ጋራዥ አስገብቶ አስመርምሯታል፤ መርማሪውን አግኝቼ ጠይቄዋለሁ፤ ዘንጉ ገና ብዙ ዘመን ይሠራል ብሎኛል።

ለቅሶ ደርሼ፣ ከእማ ጥሩ ጋር ተቀምጬ፣ በማግስቱ ለሥራ ወደ ወገዳ መሄድ ነበረብኝ። ተራ የደረሳት ያችው የአያ ፈንቴ መኪና ነበረች። መኪናዋ ሙሉ ናት። አለልኝ ሙዚቃ ከፍቶ ደህና ይነዳል፤ ስለ አያ ፈንቴ ማንም አላነሣም። ሜዳው ሲያልቅ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ!»

አለልኝ በመስታወቱ አየ። «እዚህ ምን አለና ነው የሚወረደው?»

«ወራጅ አለ ተብለሃል!» አለች አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

አቆመ። እሷ ወረደች። ከኋላዋ ሽማግሌው ወረዱ፤ ተማሪዎቹ ወረዱ፤ ሕፃን ያዘለችው ወረደች። ማንም አላዘዛቸውም። ዕቃቸውን ትተው ወረዱ።

«ሰዎች! እኔ ማንንም አላስወርድም!» አለ አለልኝ፣ ሙዚቃውን ቀንሶ። «መሪው ተመርምሯል፤ ደህና ነው!»

«ደህና ይሁንልህ። እኛ ምን አልን?» አለች ሴትዮዋ ከውጭ።

አለልኝ ወደ እኔ ዞረ። ከእሱ በቀር መኪናው ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። «ጋዜጠኛው፣ አንተ ታውቃለህ። እስቲ ንገራቸው።»

በመስኮቱ ብቅ አልሁ። «እውነቱን ነው። ዘንጉ ምንም አልሆነም። አያ ፈንቴ በነዱበት ዘመን ሁሉ ምንም አልሆነም» አልሁ።

«እናውቃለን» አለችኝ ሴትዮዋ። አቋራጩን ጀምራለች፤ አልቆመችም። «ና ውረድ እንጂ፤ ሹፌሩን አታስጠብቀው፣ ብቻውን ይውረድ።»

አለልኝን አየሁት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቁልቁል ወደ ገደሉ ይመለከታል። ሙዚቃውን ጨርሶ አጠፋው።

ወረድሁና በሩን ዘጋሁለት።